ኬካችሁ መሀሉ ለምን ይሰረጉዳል? ለአዲስ አበባ ከፍታ የተስተካከለ የቤት ኬክ አሠራር

ኬክ ቤት መዞር እንደምወድ፣ ቤትም ኦቨን ማብራት እንደማይሰለቸኝ የሚያውቁ ሰዎች ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ኬክ ቤት የበላሁት ለስላሳና ደልዳላ ነው። እኔ የጋገርኩት ግን ኦቨን ውስጥ ኩፍ ይልና መሀሉ ቁጭ ይላል። ምን ጨምረውበት ነው?»

መልሱ አጭር ነው፤ ዋናው ነገር የቀነሱት ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት አሠራር አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ጠለል አካባቢ የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ልዩነቱ ኬክ ላይ እንዲህ ይታያል።

የአየሩ ግፊት እዚህ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ጋዝ ብዙም የሚጫነው ነገር የለም፤ ሲሦ ያህል የበለጠ ቦታ ይይዛል። በሊጡ ውስጥ ያሉት አረፋዎች እንደ ፊኛ ይነፋሉ። ዱቄቱና እንቁላሉ በስለው ሳይጸኑ አረፋዎቹ ይፈነዳሉ። ያኔ ኬኩን ደግፎ የሚይዘው ነገር ስለማይኖር ይሰረጉዳል።

ውሃም እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቶሎ ስለሚተን ሊጡ ውስጥ የሚቀረው ስኳር ይበዛል። ስኳር ሲበዛ ኬኩ ለመጽናት ይዘገያል፤ ጠርዙም ይጣበቃል።

ስለዚህ ሥራችን ይህ ነው፦ ቤኪንግ ፓውደርና ስኳር እንቀንሳለን፣ ፈሳሽና እንቁላል እንጨምራለን፣ ሙቀቱን ትንሽ ከፍ እናደርጋለን። ከታች ያሉት መጠኖች በዚህ ተስተካክለዋል፤ እንደገና አትቀንሱባቸው።

መጀመሪያ ኬክ ቤት ሂዱ

ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። የምትፈልጉትን ካላወቃችሁ ያገኛችሁትን መለካት አትችሉም። አንድ ማኪያቶና ክሬም ያልበዛበት አንድ ቁራጭ ኬክ እዘዙ። ሚልፎሊ ወዳጆች ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እሱ ከንብርብር ሊጥ የሚሠራ ስለሆነ ለዚህ አይረዳችሁም።

ኬኩን በሹካው ጎን ቁረጡና የተቆረጠውን ፊት ተመልከቱ። ቀዳዳዎቹ ጥቃቅንና እኩል ናቸው? በሹካው ጀርባ ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት ተመልሶ ይነሳል? እርጥበቱስ ሁሉም ጋ እኩል ነው ወይስ ከላይ በዝቶ ወደ ታች እየቀነሰ ይሄዳል? ከላይ የሚበዛ ከሆነ በስኳር ሽሮፕ ርሷል ማለት ነው። ኬክ ቤቶች ስፖንጁን (ለስላሳውን ኬክ) በሽሮፕ ማራሳቸው የተለመደ ነው። አረፋው እንዳይወርድ ሊጡ ውስጥ ጄል የሚጨምሩም አሉ። እዚህ የምንሠራው ግን ያለ ጄል፣ በቅቤ የሚሠራ ኬክ ነው። ከስፖንጁ ትንሽ ጠንከር ይላል፣ ጣዕሙ ደግሞ ይበልጣል። «እንደዚያ አልለሰለሰም» ብላችሁ እንዳታዝኑ አስቀድሜ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የወጥ ቤት ሚዛን። የቤት ብርጭቆ ከቤት ቤት ይለያያል። ሌላውን ሁሉ ብታጡ ይህን አትጡ።
- 22 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ የኬክ መጋገሪያ፣ ቁመቱ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር
- የእጅ ሚክሰር ወይም የሽቦ መምቻ
- ወንፊት
- መሥፈሪያ የሻይ ማንኪያ (5 ሚሊ ሊትር የሚይዝ)
- የመጋገሪያ ወረቀት
- ስቴኪኒ
- ማቀዝቀዣ ሽቦ፤ ከሌለ የኦቨኑን መደርደሪያ አውጥታችሁ መጠቀም ትችላላችሁ

ግብአቶች

- የፉርኖ ዱቄት 215 ግራም። ለስላሳ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ከዚህ ላይ 20 ግራሙን በኮርን ፍላወር (በበቆሎ ስታርች) ተኩ።
- ስኳር 170 ግራም
- ገበታ ቅቤ 110 ግራም
- እንቁላል፣ ያለ ቅርፊቱ 150 ግራም። የፈረንጅ ከሆነ 3፣ የሀበሻ ከሆነ 4 ያህል ይሆናል።
- ወተት 150 ሚሊ ሊትር፤ የላም ወተት በቀጥታ የምትገዙ ከሆነ ፈልቶ የቀዘቀዘ
- ቤኪንግ ፓውደር 1 የሻይ ማንኪያ ከሩብ፣ በቢላ ጀርባ የተላገ
- ጨው ሩብ የሻይ ማንኪያ
- ቫኒላ 1 የሻይ ማንኪያ

ስለ እንቁላሉ አንድ ነገር ልጨምር። «3 እንቁላል» ተብሎ ሲጻፍ የሚታሰበው ትልቁ እንቁላል ነው። 3 የሀበሻ እንቁላል ብታስገቡ ወደ አንድ እንቁላል የሚጠጋ ይጎድላችኋል። በዚህ ከፍታ ደግሞ ኬኩን የሚያቆመው እንቁላሉ ነው። መዝኑት።

የተነጠረ የወጥ ቅቤ አይሆንም። ከስኳር ጋር ሲመታ እንደ ገበታ ቅቤ አየር አይዝም። ኮሰረቱና ኮረሪማው ደግሞ ኬኩን ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ያሰኘዋል።

አሠራር

1. ቅቤውን፣ እንቁላሉንና ወተቱን ከፍሪጅ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ አውጡ። በክረምት ሁለት ሰዓትም ቢሆን ይሻላል። ቅቤው በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚጎደጉድ፣ ግን ያልቀለጠ መሆን አለበት። ቀዝቃዛ እንቁላል የተመታ ቅቤ ላይ ሲጨመር ቅቤው ይረጋል፤ ሊጡ የተበጠሰ ወተት ይመስላል፤ የያዘውንም አየር ይለቃል።

2. ቤኪንግ ፓውደሩን ፈትኑት። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ላይ ጨምሩ። ወዲያው ጮክ ብሎ አረፋ ካወጣ ጥሩ ነው። ሲያንቀላፋ ካያችሁት ጣሉት። ሱቅ ውስጥ ተሰፍሮ በላስቲክ የሚሸጠው የተመረተበት ቀን ስለማይታወቅ ይህን ፈተና አትዝለሉ። መጠኑን በጥንቃቄ ቀንሰን ሳለ የሞተ ቤኪንግ ፓውደር ከገባ ኬኩ ዳቦ ይሆናል።

3. ኦቨኑን በ185 ዲግሪ አሙቁ፤ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይሥራ። መደርደሪያው መሀል ላይ ይሁን። ሙቀቱን ከፍ ያደረግነው ኬኩ አረፋዎቹ ከመፈንዳታቸው በፊት እንዲጸና ነው። ስለዚህ ቀዝቃዛ ኦቨን ውስጥ ማስገባት ሥራውን ሁሉ ያፈርሰዋል።

የኦቨናችሁን ቁጥር ካላመናችሁት አንድ ዘዴ አለ። ስኳር የሚቀልጠው በ186 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ፎይል ላይ አድርጉና ቁጥሩን 175 ላይ አድርጋችሁ በሞቀ ኦቨን 15 ደቂቃ አስቀምጡት። ከቀለጠ ኦቨናችሁ ከሚለው በላይ ይሞቃል። ሌላ ስኳር አድርጉና 190 ላይ ሞክሩ። ካልቀለጠ ከሚለው በታች ነው። ይህን አንድ ቀን ብቻ ሥሩት፤ ከዚያ በኋላ ስንት ቁጥር ላይ ማድረግ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

4. መጋገሪያውን አዘጋጁ። ቅቤ ቀቡት፣ ታቹ ላይ ወረቀት አንጥፉ፣ ጎኑን ዱቄት ነስንሱበትና ትርፉን አራግፉ። በዚህ ከፍታ ኬክ መጣበቅ ይወዳል። ወረቀት ከሌላችሁ ታቹንም ዱቄት ነስንሱበት።

5. ዱቄቱን፣ ቤኪንግ ፓውደሩንና ጨውን አብራችሁ ሁለት ጊዜ ንፉ። ቤኪንግ ፓውደር አንድ ቦታ ከተከማቸ እዚያ ጋ ትልቅ ጉድጓድ ይሠራል፤ መራራ ጉርሻም ያጋጥማችኋል።

6. ቅቤውንና ስኳሩን ምቱ። በሚክሰር ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይበቃል፤ በእጅ ከሆነ ክንዳችሁ እስኪዝል። ቀለሙ ነጣ ሲል አቁሙ። ሌላ ቦታ የተጻፉ አሠራሮች ብዙ ደቂቃ ምቱ ይላሉ። እዚህ ግን ያስገባችሁት አየር ኦቨን ውስጥ ከሚጠበቀው በላይ ስለሚነፋ ልከኛ መሆን ይሻላል።

7. እንቁላሉን አንድ በአንድ ጨምሩ። እያንዳንዱ እስኪዋሃድ ብቻ ምቱ። ቫኒላውን ከመጨረሻው እንቁላል ጋር አስገቡ። ሊጡ መበጠስ ከጀመረ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ጣል አድርጉበት፤ ይሰበሰባል።

8. ዱቄቱን ሦስት ቦታ፣ ወተቱን ሁለት ቦታ ከፍላችሁ እያፈራረቃችሁ ጨምሩ። በዱቄት ጀምሩ፣ በዱቄት ጨርሱ። እዚህ ላይ ሚክሰሩን አስቀምጡና በማንኪያ ወይም በላስቲክ ማገላበጫ ከታች ወደ ላይ እየገለበጣችሁ አዋህዱ። ነጭ ዱቄት መታየቱ ሲጠፋ አቁሙ። ጥቃቅን እብጠቶች ቢቀሩ ችግር የለም። የፉርኖ ዱቄት ለዳቦ የሚሆን ነው፤ ባሻችሁት ቁጥር እየተሳሳበ ይሄዳል። ለዳቦ የምንፈልገው ይህንኑ ነው፤ ኬክ ሲሆን ግን ላስቲክ ያደርገዋል።

ትክክለኛ ሊጥ ማንኪያው ሲነሳ በዝግታ፣ በወፍራሙ ይወርዳል። እንደ ውሃ ከፈሰሰ ልኬቱ ላይ አንድ ነገር ተሳስቷል። ከማንኪያው አልላቀቅ ካለ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨምሩ።

9. ሊጡን መጋገሪያው ውስጥ ገልብጡ። ከግማሽ እምብዛም አይለፍ። ከተረፈ በትንሽ ዕቃ ለብቻው ጋግሩት። ላዩን ደልድሉ፣ መጋገሪያውን ጠረጴዛው ላይ አንዴ ሁለቴ መታ መታ አድርጉ። ትልልቆቹ አረፋዎች ብቅ ብለው ሲፈነዱ ታያላችሁ። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ኦቨን ውስጥ አስገቡት፤ ቤኪንግ ፓውደሩ ሥራውን ጀምሯል።

10. ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ጋግሩ። እስከ 25ኛው ደቂቃ በሩን አትክፈቱ። ልጆቹም አይክፈቱ። ቀዝቃዛ አየር ሲገባ ሙቀቱ ይወድቃል፤ ገና ያልጸናው መሀሉም አብሮ ይወድቃል። ለማየት ከጓጓችሁ መብራቱን አብርታችሁ በመስታወቱ ተመልከቱ። ላዩ ቶሎ ከጠቆረ ከ25ኛው ደቂቃ በኋላ ፎይል ጣል አድርጉበት።

11. በሦስት ምልክት ፈትኑ። መሀሉ ላይ የገባ ስቴኪኒ እርጥብ ሊጥ ሳይዝ ይወጣል፤ ጥቂት ፍርፋሪ ቢይዝ ችግር የለም። በጣት ነካ ሲደረግ ተመልሶ ይነሳል። ጠርዙ ከመጋገሪያው መላቀቅ ይጀምራል። በአንዱ ብቻ አትመኑ። ስቴኪኒው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ደርቆ ሊወጣ ይችላል።

12. አውጥታችሁ በመጋገሪያው ውስጥ 10 ደቂቃ አቆዩት፣ ከዚያ ጠርዙን በቢላ ዞር አድርጋችሁ ሽቦው ላይ ገልብጡት። ወዲያው ከገለበጣችሁት ይሰበራል። መጋገሪያው ውስጥ ከረሳችሁት ደግሞ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ታቹን ያረጥበዋል። ክሬም የምትቀቡ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ ያለዚያ ክሬሙ ይቀልጣል።

አዲስ አበባ በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሳይሸፈን ያደረ ኬክ በማግስቱ ይደርቃል። እንደቀዘቀዘ በላስቲክ ጠቅልሉት። ከደረቀባችሁ የኬክ ቤቶቹን ዘዴ ተጠቀሙ፦ 50 ግራም ስኳር በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙና በማንኪያ ላዩ ላይ አርከፍክፉ።

መብራት ቢጠፋስ?

ይህን ሳልጽፍ ብቀር አይለቁኝም። መጀመሪያ፣ ማታ ማታ መብራት ስለሚደክም ኦቨኑ 185 ለመድረስ ይንገታገታል። የምትችሉ ከሆነ ጠዋት ወይም ከሰዓት ጋግሩ።

በመሀል ከጠፋ በሩን እንዳትከፍቱ። የሞቀ ኦቨን ሙቀቱን በቀላሉ አይለቅም። 20 ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ ከጠፋ ኬኩ በቀረው ሙቀት ሊጨርስ ስለሚችል 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ፈትኑ። ገና እንደገባ ከጠፋና ቶሎ ካልመጣ መጋገሪያውን አውጥታችሁ ጋዝ ላይ ወደ ሞቀ ድስት አዛውሩት። መልኩ አያምርም፣ ግን ይበላል።

ኦቨን የሌላችሁ

ወፍራም ትልቅ ድስት ውስጥ ትንሽ የብረት ማስቀመጫ ወይም የተገለበጠ የቆርቆሮ ክዳን አድርጉ። መጋገሪያው የድስቱን ታች መንካት የለበትም፤ ከነካ ታቹ ያርራል። ድስቱን ባዶውን ከድናችሁ መካከለኛ እሳት ላይ 10 ደቂቃ አሙቁት። መጋገሪያውን አስገቡ፣ ክዳኑን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላችሁ ክደኑት፣ እሳቱን ቀንሱ። ፎጣው የሚያስፈልገው እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ኬኩ ላይ እንዳይንጠባጠብ ነው። ከ45 እስከ 55 ደቂቃ ይፈጃል። ላዩ ቡናማ አይሆንም።

ማስጠንቀቂያ፦ የፎጣውን ጫፎች ክዳኑ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ። የተንጠለጠለ ጫፍ እሳት ይይዛል። ባዶ ድስት ማሞቅ የማይጣበቅ ቀለም የተቀባውን ድስት ያበላሻል፤ ለዚህ ተራ የብረት ድስት ተጠቀሙ። በእንቁላልና በዱቄት የተሠራ ጥሬ ሊጥ ደግሞ ለልጆች አታስልሱ።

ኬኩ ምን እያለ ነው?

ኩፍ ብሎ ከዚያ መሀሉ ከሰረጎደ ቤኪንግ ፓውደር ወይም ስኳር በዝቷል፤ አለዚያም ሳይበስል ወጥቷል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሻይ ማንኪያው ነው፤ የተቆለለ የሻይ ማንኪያ ከተላገው በጣም ይበልጣል። የቡና ማማሰያዋ ማንኪያ ደግሞ መሥፈሪያ አይደለችም።

መሀሉ እንደ ተራራ ወጥቶ ከተሰነጠቀ ኦቨኑ በጣም ሞቋል ወይም ዱቄቱ በዝቷል። ስትቆርጡት ውስጡ ረጃጅም ዋሻዎች ካሉት ዱቄቱ ከገባ በኋላ አብዝታችሁ አማስላችኋል። ታቹ ላይ እርጥብና ጥቅጥቅ ያለ መስመር ካለ ሊጡ ሳይዋሃድ ገብቷል ወይም ኦቨኑ አልሞቀም።

«ደረቀብኝ» የሚሉ ብዙ ናቸው። የእነሱን ችግር ደቂቃው ላይ ፈልጉት። 35 ደቂቃ የተባለው ለ22 ሳንቲ ሜትር ነው። በሰፊ ትሪ ከሠራችሁ ሊጡ ስለሚሳሳ ከ20ኛው ደቂቃ ጀምሮ መፈተን አለባችሁ።

ሌላ አሠራር ወደ አዲስ አበባ ለመቀየር

የአክስታችሁ ልጅ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የላከችላችሁ አሠራር ካለ እንዲህ አድርጉት። ቤኪንግ ፓውደሩን በሲሦ ቀንሱ። ከእያንዳንዱ 200 ግራም ስኳር 30 ግራም አውጡ። ለእያንዳንዱ 200 ግራም ዱቄት 15 ግራም ጨምሩ። ለእያንዳንዱ 240 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ከ45 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። እንቁላሉ ትንሽ ከሆነ አንድ ደግሙ። ሙቀቱን ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ከፍ አድርጉና ከተባለው ደቂቃ 5 ቀደም ብላችሁ ፈትኑ።

የአሜሪካ ከሆነ ሙቀቱ በፋራናይት ነው፤ 350 ካለ 177 ሴልሺየስ ማለት ነው። አንድ «ካፕ» 240 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ዱቄት ሲሆን 120 ግራም ገደማ፣ ስኳር ሲሆን 200 ግራም ነው።

አዲስ አበባ ላልሆናችሁ፣ ከላይ ባለው አሠራር ላይ ይህን ቀይሩ። ሐዋሳ፣ አዳማና ባሕር ዳር ከ1,700 እስከ 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆኑ ቤኪንግ ፓውደሩን 1 የሻይ ማንኪያ ተኩል አድርጉት። ዴንቨር ያላችሁ ወገኖችም ከተማችሁ 1,600 ሜትር ገደማ ስለሆነች ይኸው ይሠራላችኋል። ድሬዳዋ ዝቅ ስለሚል 1 ከሦስት ሩብ ይሁን፣ ኦቨኑም 180። ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ስለሚጠጋ 1 የሻይ ማንኪያ ይበቃል፣ ወተቱ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ።

ለጾም

እንቁላል ስለሌለው በቀላሉ ይሰረጉዳል። ስለዚህ ሰፋ ባለ መጋገሪያ፣ ሳሳ አድርጋችሁ ሥሩት። 215 ግራም ዱቄት፣ 170 ግራም ስኳር፣ ሦስት ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ትንሽ ጨው አብራችሁ ንፉ። 270 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 80 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶና ቫኒላ ለብቻ ቀላቅሉና ዱቄቱ ላይ ገልብጡት። እዚህ ቤኪንግ ፓውደር የለም፤ ሶዳውን የሚያነሳው አቼቶው ነው፣ የሚጀምረውም ወዲያውኑ ነው። ስለዚህ ፈሳሹን ከመጨመራችሁ በፊት ኦቨኑ ሞቆ፣ መጋገሪያው ተቀብቶ ይጠብቃችሁ። በ185 ዲግሪ ከ25ኛው ደቂቃ ጀምራችሁ በስቴኪኒ ፈትኑ። የአቼቶው ሽታ ሲበርድ ይጠፋል።